ኔብራስካ ውስጥ ሣር የለበሱት የአሸዋ ኮረብቶች ድርቅ ቢበረታ ይነሣሉ?

የመንገድ ሰው፦

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ የጭነት መኪና መንዳት ነው። ከኦማሃ ወደ ምዕራብ ስጓዝ አብዛኛውን ጊዜ የምይዘው ኢንተርስቴት 80ን ሲሆን፣ ባለፈው ሰኔ ግን ዕቃው የሚራገፈው አሊያንስ ስለነበረ ከግራንድ አይላንድ ተነሥቼ በሀይዌይ 2 ወጣሁ። ብሮክን ቦው ከተባለችው ከተማ ጥቂት እንዳለፍኩ የበቆሎው እርሻ አለቀና ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ሣር የለበሱ ጉብታዎች ተተኩ። ለሰዓታት ነዳሁ፤ አላለቁም።

ሃያኒስ አካባቢ ለዕረፍት ቆሜ፣ ለመንገዱ ሲባል የተቆረጠውን የአንዱን ኮረብታ ጎን ጠጋ ብዬ አየሁት። ከላይ ያለው ጠቆር ያለ አፈር ከአንድ ስንዝር የሚበልጥ አይመስልም፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አሸዋ ነው። ዘገን አድርጌ ጣቶቼን ሳላላቸው እንደ ጤፍ ፈሰሰ። የሣሩ ሥር ከተቆረጠው ጎን ከክንዴ በሚረዝም ቁመት ተንጠልጥሎ በነፋሱ ይወዛወዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጥያቄዎች ከአእምሮዬ አልወጡም።

አንደኛ፣ ይህን የሚያክል አሸዋ እንደ በረሃው አሸዋ በነፋስ የተከመረ ከሆነ አሁን ለምን ቆመ? ሁለተኛ፣ ድርቅ ቢመጣ ተመልሶ መሄድ ይጀምራል? ይጀምራል ከተባለስ የስንት ዓመት ድርቅ ይበቃዋል? ሦስተኛው ምናልባት የሹፌር ጥያቄ ነው። የአሸዋ ክምር ነፋስ የሚመታው ጎኑ ዘንበል ያለ፣ ከነፋሱ የተከለለው ጎኑ ግን ቀጥ ያለ እንደሚሆን ሰምቻለሁ። በዚያ ቀን ነፋሱ ተጎታቹን የሚገፋው ከደቡብ ነበር፤ የትልልቆቹ ኮረብቶች ቀጥ ያለ ጎን ግን እኔ እንዳየሁት ወደ ደቡብ ነው የሚያየው። ነፋሱና ኮረብታው ለምን ተጣሉ?


አፈርና ነፋስ፦

መኪናዎን አቁመው የመንገዱን ቁርጥ ማየትዎ ከመልሱ ግማሹን ሰጥቶዎታል። የመልክዓ ምድር አፈጣጠር ያጠናሁ ነኝ፤ ያዩት ቦታ ሳንድ ሂልስ ይባላል፤ ስፋቱም ወደ 50,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በምዕራቡ ንፍቀ ዓለም ይህን የሚያክል ሌላ የአሸዋ ክምር መስክ የለም። ከትልልቆቹ ኮረብቶች አንዳንዶቹ ከሥራቸው እስከ ጫፋቸው ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። አሸዋው የባሕር ዳርቻ አሸዋ አይደለም፤ በአብዛኛው በአካባቢው ካለው የላላ አሸዋማ አለትና ወንዞች ከሮኪ ተራሮች ካወረዱት ደለል የተገኘ ነው። ነፋስ እንደ ከመረው ደግሞ አያጠራጥርም።

አሸዋ እንዲሄድ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ ልቅ አሸዋ፣ በቂ ነፋስና ባዶ መሬት። በሳንድ ሂልስ ሁለቱ ሞልተዋል። ደረቅ አሸዋን ለማንቀሳቀስ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ ይበቃል፤ ይህን የሚያህል ነፋስ በእነዚያ ሜዳዎች ላይ ብርቅ እንዳልሆነ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ቅንጣቱ ከመሬት ተነሥቶ ጥቂት ይዘልና ሲወድቅ ሌሎቹን እየመታ ያስነሣል፤ ስለዚህ አንዴ ከጀመረ ራሱን እያባዛ ይሄዳል። የነፋሱ ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ የሚያጓጉዘው አሸዋ ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። አንድ የማዕበል ቀን ከብዙ ሳምንት ለስላሳ ነፋስ የሚበልጥ ሥራ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

የጎደለው ሦስተኛው ነገር ብቻ ነው፤ ባዶ መሬት የለም። ሣሩ አሸዋውን በሥሩ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ነፋሱንም ከመሬቱ ከፍ አድርጎ ያሳልፈዋል። የመሬቱ ሲሶ ያህል እንኳ በሣር ቢሸፈን የአሸዋው ጉዞ ከሞላ ጎደል ይቆማል። እንግዲህ ድርቅ አሸዋውን አይነዳም፤ አሸዋውን የሚነዳው ምንጊዜም ነፋሱ ነው። የድርቅ ድርሻ ጠባቂውን መግደል ነው። ስለዚህ ጥያቄዎ «ሣሩን የሚገድል ድርቅ የትኛው ነው?» ወደሚለው ይዞራል፤ እዚህ ላይ ነገሩ ብዙ ሰው ከሚገምተው ይለያል።

አሸዋ ውኃ አይዝም እንላለን፤ በደረቅ አገር ግን ለተክል ከሸክላ አፈር የተሻለ ቸር ነው። ሸክላ ላይ የወረደ ዝናብ ከላይ ታቅሮ ይቆይና ፀሐይ ትወስደዋለች፣ ወይም በጎርፍ ይሄዳል። አሸዋ ላይ የወረደው ግን ወዲያው ወደ ታች ይሰርጋል፤ ከዚያ የላይኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይደርቅና እንደ ክዳን ሆኖ የታችኛውን እርጥበት ከትነት ይጠብቃል። በመንገዱ ቁርጥ ላይ ተንጠልጥለው ያዩዋቸው ሥሮች ይህን ውኃ ፍለጋ የወረዱ ናቸው። ሣሮቹ በየዓመቱ የሚዘሩ ሳይሆኑ ለብዙ ዓመት የሚኖሩ ስለሆኑ፣ በአንድ መጥፎ ዓመት ቅጠላቸው ቢከስል ሥራቸው ይተርፋል።

ለዚህም ማስረጃ አለ። በ1934 እና በ1936 እ.ኤ.አ. ታላቁ ሜዳ የሚባለው፣ ኔብራስካን ጨምሮ የአሜሪካ መካከል የሚሸፍነው ሰፊ የሣር አገር ደቡባዊ ክፍሉ በአቧራ ማዕበል ሲጠፋ ሳንድ ሂልስ እዚህም እዚያም ተቦረቦረ እንጂ በጠቅላላው አልተነሣም። 2012 ደግሞ ኔብራስካ ውስጥ መለካት ከተጀመረ ወዲህ ከታዩት ዓመታት ሁሉ ደረቁ ነበር፤ ኮረብቶቹ ግን ዛሬም እርስዎ እንዳዩዋቸው ቆመዋል። የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000ዎቹ አጋማሽ ሳንድ ሂልስ ውስጥ ክብ ክብ ቦታዎች ለይተው ሣሩን በመድኃኒት በመግደል አሸዋው መቼ እንደሚነሣ ተከታትለው ነበር። የሞተው ሥር ራሱ አሸዋውን ለጊዜው እንደ መረብ ይዞት ቆየ፤ ቡርቦራው የበረታው ሥሩ እየበሰበሰ ከሄደ በኋላ ነው። ሣሩ ከሞተበት ቀን እስከ አሸዋው መነሣት ድረስ ዕረፍት አለ ማለት ነው፤ በዚያ ዕረፍት ውስጥ ጥሩ ዝናብ ከመጣ መሬቱ ይድናል።

ይህ ማለት ግን ኮረብቶቹ ሄደው አያውቁም ማለት አይደለም። በአሸዋው ውስጥ ያለው የኳርትዝ ቅንጣት ተቀብሮ ሳለ በዙሪያው ካለው ደለል የሚወጣውን ደካማ ጨረር እንደ ባትሪ ያጠራቅማል፤ ፀሐይ ስታየው የጠራቀመው ይፈስሳል። ስለዚህ ናሙናውን በጨለማ አውጥቶ የጠራቀመውን በመለካት አሸዋው ለመጨረሻ ጊዜ ብርሃን ያየው መቼ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። በዚህ መንገድ ሲለካ ባለፉት 10,000 ዓመታት ኮረብቶቹ ደጋግመው ተነሥተው ደጋግመው ቆመዋል። የመጨረሻው ትልቅ መነሣት በ900 እና በ1300 እ.ኤ.አ. መካከል ነው። በእኛ አገር የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ሲፈለፈሉ እርስዎ የነዱበት አገር ባዶ አሸዋ የሚነፍስበት ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄዎ አጭሩ መልስ፦ የሁለትና የሦስት ዓመት ድርቅ አይበቃም፤ ለአሥርተ ዓመታት የሚዘልቅ ድርቅ ግን በቅቶ ያውቃል።


የነገብ ነዋሪ፦

የአፈርና ነፋስን ማብራሪያ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም ሁሉን ለድርቅ መስጠቱ አሳስቦኛል። የምኖረው ቤርሼባ ነው፤ ሥራዬም ወደ ግብፅ ድንበር አዘውትሮ ያወጣኛል። በሰሜን ምዕራብ ነገብና በሲና መካከል ያለውን የአሸዋ መስክ ከሳተላይት የተነሣ ምስል ላይ ያየ ሰው ድንበሩን ለማግኘት ካርታ አያስፈልገውም። በእስራኤል በኩል ያለው መሬት ጠቆር ብሎ፣ በግብፅ በኩል ያለው ነጥቶ ይታያል፤ መስመሩም በመሣሪያ የተሠመረ ይመስላል።

በሁለቱም ወገን የሚዘንበው ዝናብ አንድ ነው፣ ነፋሱም አንድ ነው፣ አሸዋውም ከአንድ ምንጭ የመጣ ነው። የተለየው የፍየልና የግመል እግር፣ እንዲሁም ለማገዶ የሚነቀለው ቁጥቋጦ ነው። መሬቱ ባልተረገጠበት ወገን በአሸዋው ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የምትሆን ቅርፊት ትፈጠራለች፤ ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ቅንጣቶቹን በሙጫቸው አያይዘው የሚሠሯት ናት። በጣት ጫን ሲሏት እንደ ቀጭን ቂጣ ትሰበራለች፤ ካልተነካች ግን አሸዋውን ትይዘዋለች። ማለዳ ጤዛ ሲነካት ደግሞ አረንጓዴ ቀለም እንደምታወጣ ራሴ አይቻለሁ።

እንግዲህ በአንድ ዓይነት አየር ንብረት ሥር አንዱ ወገን ቆሞ ሌላው ሲሄድ ከታየ፣ የኔብራስካው አሸዋም በ900 ይሁን በ1934 የተነሣው ሰውና እንስሳ ስለረገጡት ነው ብንል ምን ይከለክለናል? ድርቁ ምናልባት አጋጣሚ ይሆን?


አፈርና ነፋስ፦

ጥሩ ተቃውሞ ነው፤ የነገብና የሲና ድንበር በዚህ ሙያ ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች ሁሉ የታወቀው ስለሆነ ማንሣትዎ ተገቢ ነው። ይሁንና ከዚያ ወደ ኔብራስካ ስንሻገር ሁለት ነገሮች ይለወጣሉ። በድንበሩ ላይ ባለችው በኒጻና አካባቢ በዓመት የሚዘንበው 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሳንድ ሂልስ ውስጥ ግን በደረቁ ምዕራብ እንኳ ከ400 ይበልጣል፣ ወደ ምሥራቅ ሲኬድም ወደ 600 ይጠጋል። ሁለተኛው ለውጥ ነፋሱ ነው፤ የነገብ ነፋስ ከታላቁ ሜዳ ነፋስ ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው። በ100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያን የምታህል ስስ ቅርፊት አሸዋ መያዝ የቻለችው ነፋሱ ስላልበረታ ነው፤ ያችኑ ቅርፊት ኔብራስካ ወስደን ሣሩን ብናነሣ አንድ የመጋቢት ነፋስ አይበቃትም።

የመካከለኛው ዘመኑን መነሣት ለከብት ልንሰጠው አንችልም፤ በዚያ ዘመን በአሜሪካ ምድር የቀንድ ከብት አልነበረም። ጎሽ ነበር፤ እሳትም ነበር፤ ሁለቱም አንድን ኮረብታ ሊያራቁቱ ይችላሉ። ነገር ግን በዚያው ዘመን አሸዋ የተነሣው በሳንድ ሂልስ ብቻ ሳይሆን በታላቁ ሜዳ በሌሎችም መስኮች ነው። መቶዎች ኪሎ ሜትር የተራራቁ መስኮችን በአንድ ዘመን የሚያነሣ የጎሽ መንጋ ለማሰብ ይከብደኛል።

ከዚህም በላይ ኮረብቶቹ ራሳቸው የሚመሰክሩት አለ። በሳንድ ሂልስ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ረዘም ረዘም ብለው የተሰለፉ ዝቅ ያሉ ክምሮች አሉ፤ ዕድሜያቸው ከ800 እስከ 1,000 ዓመት ነው። የዛሬው ነፋስ በዚያ አሸዋ ላይ ቢለቀቅ ክምሮቹን በዚያ አቅጣጫ አያሰልፋቸውም። በ2006 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት ይህን መነሻ አድርጎ የደረሰበት መደምደሚያ፣ በዚያ ዘመን በጸደይና በሞቃቱ ወራት ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እርጥበት ይዞ የሚመጣው የደቡብ ነፋስ ቀርቶ በቦታው ደረቅ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ይነፍስ ነበር የሚል ነው። ነገሩን ልብ ይበሉት፤ ዝናቡ የቀረበትም አሸዋው የተሰለፈበትም ምክንያት አንድ የነፋስ መዞር ነው። ይህ አጋጣሚ አይደለም።

ነገር ግን የእርስዎ ምሳሌ አንድ ትልቅ እውነት ይዟል፤ እኔም በመጀመሪያው መልሴ አልፌው ነበር። በአንድ ዓይነት ዝናብና ነፋስ ሥር አሸዋ ሁለት ዓይነት ኑሮ ሊኖር ይችላል። ለብሶ ከቆመ ለብሶ መቆየት ይቀለዋል፤ ተራቁቶ ከሄደ ደግሞ መሄድ ይቀለዋል፣ ምክንያቱም የሚበቅለውን ቡቃያ አሸዋው ወይ ይቀብረዋል ወይ ሥሩን ያወጣበታል። ስለዚህ ለማስነሣት ከሚያስፈልገው ድርቅ ይልቅ መልሶ ለማስቆም የሚያስፈልገው ዝናብ እጅግ የበዛ ነው፤ ወይም ነፋሱ መድከም አለበት።

ለዚህ ከነገብ ይልቅ ለኔብራስካ የሚቀርብ ምሳሌ በካናዳ ሳስካቸዋን ያለው ታላቁ የአሸዋ ኮረብታ መስክ ነው። እንደ ሳንድ ሂልስ በሣር ሜዳ መካከል ያለ ነው፤ ስፋቱ ግን በጣም ያንሳል፣ 1,900 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በ1700ዎቹ መጨረሻ የነበረ ድርቅ አስነሣው። ድርቁ አለፈ፤ አሸዋው ግን አላቆመም። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የተነሡትን የአየር ላይ ፎቶግራፎች ስናስተያይ ባዶው አሸዋ ከአሥርተ ዓመት ወደ አሥርተ ዓመት ሲጠብ እናያለን፤ ዛሬ ባዶ የቀረው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የፈጀ ቁስል ነው። ደረቁን ዘመን ሳያይ ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው የቀረችውን ባዶ አሸዋ አይቶ «የአሁኑ አየር ንብረት አስነሣት» ቢል ይሳሳታል፤ እርሷ የቅድመ አያቶቹ ዘመን ድርቅ ትርፍ ናት።


የግጦሽ ባለሙያ፦

ውይይቱን ዘግይቼ ነው ያገኘሁት። ቀድሞ በቦረና ቆላ በአርብቶ አደር ልማት ሥራ ላይ ነበርኩ፤ በኋላ ለትምህርት ወደ ኔብራስካዋ ከተማ ሊንከን ስመጣ አንድ በጋቸውን ሙሉ በሳንድ ሂልስ በአንድ የከብት እርባታ ላይ አሳልፌአለሁ። የመሬቱ ባለቤት በእግሬ ካዞሩኝ ነገሮች ሁሉ ያልረሳሁት አንድ ጉድጓድ ነው።

ከኮረብታው ጫፍ ዝቅ ብሎ እንደ ሳሕን የተቦረቦረ ቦታ ነው፤ ጥልቀቱ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። በዙሪያው የሣሩ ጠርዝ እንደ ጣሪያ ክፈፍ ወጣ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ ሥሮቹም ታች ድረስ ይወርዳሉ። ወለሉ ላይ አሸዋው በትናንሽ ሞገድ ተሰልፏል፤ ከጉድጓዱ የወጣው አሸዋ ደግሞ በነፋሱ መውጫ በኩል ሣሩን እየቀበረ ተከምሯል። አመጣጡን ስጠይቃቸው በእጃቸው አንድ ቀጭን የከብት ዱካ አሳዩኝ። ላሞቹ ወደ ውኃው ሲወርዱ ሁልጊዜ በዚያች ይሄዱ ነበር፤ በደረቅ ዓመት ዱካዋ ተራቆተች፤ ነፋስ ገባባት። ከዚያ ወዲህ ገንዳውን ወደ ሜዳው አዛውረውታል።

ጉድጓዱ ውስጥ አሮጌ የመኪና ጎማዎች ተጥለው አየሁ፤ መጀመሪያ ቆሻሻ መስሎኝ ነበር። ለካ ነፋሱን ለመስበር ነው። በላዩም ያረጀ ድርቆሽ ይበትኑበታል፤ ከብቶቹ ድርቆሹን ሲበሉ ፍግና የሣር ዘር ከአሸዋው ጋር በእግራቸው ይለውሱታል። የነገብ ነዋሪ ከብት አሸዋ ያስነሣል ብለዋል፤ እውነት ነው፤ እዚያ ግን በዚያው ከብት ሲያክሙት አየሁ። ልዩነቱ የት፣ መቼና ምን ያህል ጊዜ ይረግጣል የሚለው ነው። ሳንድ ሂልስ ውስጥ ኮረብታው የግጦሽ፣ በኮረብቶቹ መካከል ያለው እርጥብ ሜዳ ደግሞ የድርቆሽ ማጨጃ ሆኖ ይለያል። በቦረናም የዝናብ ወራትና የደረቅ ወራት ግጦሽ ይለያያል፤ ለጥጃ የሚከለል ሣርም አለ። አገሩ ቢለያይም ብልሃቱ ቅርብ ነው።

በ1930ዎቹ ሳንድ ሂልስ ለምን ተረፈ ለሚለው አንድ ነገር ልጨምር። በ1904 የወጣው የኪንኬድ ሕግ ለአንድ ሰፋሪ 640 ኤከር፣ ማለትም 259 ሄክታር ያህል ይሰጥ ነበር፤ ብዙዎችም መጥተው አረሱ። አሸዋው በቶሎ መልስ ሰጣቸው፤ አብዛኞቹ ጥለው ሄዱ፣ መሬቱም በትልልቅ እርባታዎች እጅ ገባ። ስለዚህ ታላቁ ድርቅ ሲደርስ ኮረብቶቹ በአብዛኛው ያልታረሱ ሆነው ጠበቁት። ሣሩ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም የተረፈው፤ ማረሻውም ቀድሞ ስለወጣ ነው።

እግረ መንገዴን ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር ላንሣ። ከተቦረቦረ አሸዋ በቀር በሌላ ቦታ የማትበቅል፣ ብሎውአውት ፔንስቴመን የምትባል ሐመር ሐምራዊ አበባ አለች፤ ሽታዋ ከሩቅ ይጣራል። አርቢዎቹ ጉድጓዶቹን ባከሙ ቁጥር መኖሪያዋን አሳጧት፤ አንድ ጊዜም ጨርሳ ጠፍታለች ተብሎ ነበር። በ1987 በአሜሪካ ሕግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዕፅዋት መዝገብ ገባች። እኛ ጉዳት የምንለውን አሸዋ እርሷ ቤቴ ትለዋለች።


የመንገድ ሰው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን ሁሉ የጠየቅሁት ከምድር ሙቀት መጨመር ጋር በተያያዘ ሬዲዮ ላይ የሰማሁት ነገር ስላለ ነበር፤ በዚህ ምዕተ ዓመት ውስጥ እንደዚህ ያሉ የሣር አሸዋዎች በየቦታው ሊነሡ ይችላሉ የሚል ነበር። እውነት ነው? ደግሞ ሦስተኛው ጥያቄዬ እስካሁን አልተነካም፤ ቀጥ ያለው ጎን ለምን ወደ ደቡብ ዞረ?


አፈርና ነፋስ፦

ይቅርታ፤ ሦስተኛውን ረስቼው ሳይሆን ለመጨረሻ ይዤው ነው።

ስለ መጪው ጊዜ የሰሙት መሠረት የሌለው ወሬ አይደለም። ብዙዎቹ ግምቶች የሚመነጩት ኒኮላስ ላንካስተር የተባሉ ተመራማሪ በ1988 በደቡባዊ አፍሪካ ላለው የካላሃሪ በረሃ ደቡብ ምዕራብ ክፍል ካቀረቡት ቀላል መለኪያ ነው። ነፋሱ አሸዋ ለማንቀሳቀስ የሚበቃበት ጊዜ ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ ይወሰድና፣ የዓመቱ ዝናብ፣ ውኃ ቢበዛ በዓመት ሊተን ለሚችለው መጠን ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። ውጤቱ ከ50 ካነሰ ክምሩ ቆሟል፤ ከ50 እስከ 100 ጫፉ ብቻ ይሄዳል፤ ከ100 እስከ 200 የላይኛው ጎኑም አብሮ ይነሣና የክምሩ ግርጌና በክምሮቹ መካከል ያለው ሜዳ ብቻ ሣር ይዞ ይቀራል፤ ከ200 ካለፈ ሁሉም ይሄዳል። አሁን ሙቀት ሲጨምር ትነቱ ስለሚጨምር፣ ዝናቡ ባይቀንስ እንኳ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በ2005 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በዚህ ዓይነት ስሌት የካላሃሪ ክምሮች እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊነሡ ይችላሉ ብሎ ነበር።

እኔ ግን ይህን መለኪያ ለዛሬ ሁኔታ መግለጫነት እንጂ ለትንቢት አልመርጠውም። መለኪያው የትናንቱን አያስታውስም፤ ክምሩ ለብሶ ነበር ወይስ ተራቁቶ ነበር ብሎ አይጠይቅም። የሳስካቸዋን አሸዋና የነገብ ድንበር ያሳዩን ደግሞ የትናንቱ ነገሩን ግማሽ እንደሚወስን ነው። ሳንድ ሂልስ ለብሶ ስለሚጀምር በስሌቱ ከተባለው በላይ ይታገሣል። በሌላ በኩል፣ አንዴ ከተነሣ በስሌቱ ከተባለው በላይ ይቆያል። ከሁለቱ የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው።

ከሥሩ ያለው ውኃም ሌላ ትራስ ነው። አሸዋው ዝናቡን ስለሚያሳልፈው ከበታቹ የኦጋላላ የከርሰ ምድር ውኃ ቋት ሞልቷል፤ በኮረብቶቹ መካከል ያዩዋቸው ሐይቆችና እርጥብ ሜዳዎች የዚያ ውኃ ብቅታ ናቸው። ሜዳዎቹ በድርቅ ጊዜም ለምልመው ይቆያሉ። የኮረብታው ጫፍ ግን ከዚያ ውኃ በጣም ርቆ ስለሚገኝ የሚኖረው በዝናቡ ብቻ ነው፤ መነሣት ከመጣም የሚጀምረው ከጫፍ ነው።

አሁን ወደ ቀጥ ያለው ጎን። የሰሙት ትክክል ነው፤ አሸዋ በዘንባላው ጎን ተነድቶ ጫፍ ላይ ሲደርስ በተከለለው ጎን ይናዳል፤ ሲናድ የሚያርፍበት ቁልቁለትም ከ32 እስከ 34 ዲግሪ አካባቢ ነው። ነፋሱና ኮረብታው የተጣሉ የመሰለዎት ዛሬ የሚነፍሰውን ነፋስ ከጥንት ከተሠራ ኮረብታ ጋር ስላስተያዩ ነው። ትልልቆቹን ያቆመው ከሰሜንና ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው የብርዱ ወራት ነፋስ ነው፤ ስለዚህ ጀርባቸውን ወደ ሰሜን፣ ገደላቸውን ወደ ደቡብ አድርገው ቆሙ። የሰኔ የደቡብ ነፋስ ተጎታችዎን ይገፋል፣ ዝናብም ይዞ ይመጣል፤ ነገር ግን የሚደርሰው ሣሩ በለመለመበት ወቅት ስለሆነ ከአሸዋው አንድ ቅንጣት አያገኝም።

በሚቀጥለው ጊዜ በዚያ ካለፉ ከሙለን እስከ ሃያኒስ ባለው መንገድ በቀኝዎ የሚያዩዋቸውን ትናንሽ ጉድጓዶች ልብ ብለው ይዩ፤ የግጦሽ ባለሙያው የገለጹት ዓይነት ናቸው። አብዛኞቹ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተከፍተው አሸዋቸውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይተፋሉ። ኮረብታውን የሠራው ነፋስ ዛሬም በየዓመቱ በብርዱ ወራት ይመጣል፤ የተራቆተ ቦታ ባገኘበት ሁሉም ያንኑ የድሮ ሥራውን በትንሹ ይሠራል።